ማሊያ የለበሰ ዓይን

እንደምን አመሻችሁ? ስለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የምደግፈውን ክለብ ስም ዛሬ አልጠራም። አፍሬበት አይደለም። ስሙን ከጠራሁ ግን ይህ አዳራሽ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «የእኛው ሰው ነው» ብሎ ይመቻቻል። ግማሹ እጁን አጣጥፎ ስህተቴን ይጠብቃል። ገና አንድ ቁም ነገር ሳልናገር ማለት ነው። ላወራችሁ የመጣሁትም ስለዚሁ ነገር ነው።

እኔ የፖለቲካ ተንታኝ አይደለሁም። የባህል አጥኚም አይደለሁም። ኳስ ወዳድ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቡድን ደግፌያለሁ፤ በደስታውም በኀዘኑም አብሬው ነበርኩ። ስለ ሀገር፣ ስለ ሰው፣ ስለ ቤት ኑሮ ያለኝን አስተያየት አብዛኛውን ያገኘሁት ጨዋታ ሳይ ነው። የማካፍላችሁም ያንን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ትልቅ ጨዋታ ከጓደኛዬ ጋር አየሁ። እሱ የተቀናቃኛችን ደጋፊ ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእኛ ተከላካይ የእነሱን አጥቂ ሳጥን ውስጥ ጣለው። ዳኛው ፔናሊቲ ሰጠ። ብድግ ብዬ ጮኽኩ። «አስመሳይ! ማን ነካው? ራሱ ነው የወደቀው!» ምስሉን ሦስት ጊዜ ደጋግመው አሳዩን። ሦስቱንም ጊዜ አየሁት። ሦስቱንም ጊዜ ማንም አልነካውም። ጓደኛዬ ዝም ብሎ ያየኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ምስል ለብቻዬ ከፍቼ አየሁት። የእኛ ልጅ ኳሷን አልነካም። የነካው እግር ነው፤ ያውም በደንብ። ሕፃን ልጅ እንኳ ያየዋል።

ያስደነገጠኝ መሸነፌ አልነበረም። ያን ቀን ስጮህ አልዋሸሁም። እውነቴን ነው፣ አላየሁትም። ዓይኔ ክፍት ነበር፣ ምስሉ ፊቴ ነበር፣ ግን አላየሁትም። ሰው ሲዋሽ ቢያንስ እውነቱን ያውቃል። እኔ እሱንም አላወቅሁም።

ይህ የእኔ ብቻ ችግር እንዳልሆነ በኋላ አነበብኩ። በ1951 ፕሪንስተንና ዳርትማውዝ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በአሜሪካን ፉትቦል ተጋጠሙ። ጨዋታው ዱላ ቀረሽ ነበር። የፕሪንስተን ኮከብ አፍንጫው ተሰበረ፤ የዳርትማውዝ አንድ ተጫዋች ደግሞ እግሩ ተሰበረ። የሁለቱም ግቢ ጋዜጦች አንዱ ሌላውን ከሰሱ። ከዚያ አልበርት ሃስቶርፍና ሃድሊ ካንትሪል የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች የጨዋታውን ፊልም ለሁለቱም ግቢ ተማሪዎች አሳዩና «የምታዩትን ጥፋት ሁሉ መዝግቡ» አሏቸው። ፊልሙ አንድ ነው። የፕሪንስተን ተማሪዎች ግን የዳርትማውዝ ልጆች ሲያጠፉ ያዩት፣ የዳርትማውዝ ተማሪዎች ካዩት ከእጥፍ በላይ ነበር። ጥናቱ በ1954 ታተመ። ይኸው ሰባ ዓመት አለፈው፤ እኛ ግን ያው ነን። ዳኛውን በቪዲዮ ምስል የሚያግዘው ቫር ሲመጣ ጭቅጭቅ የሚያበቃ መስሎን ነበር። ካሜራው ጨመረ እንጂ ጭቅጭቁ አልቀነሰም። ካሜራ ማሊያ አይለብስም፤ የሚያየው ሰው ነው የሚለብሰው።

እዚህ ላይ ነው ፖለቲካው የሚመጣው።

የፖለቲካ ደጋፊ ሆኖ ዜና የሚያየውን ሰው አስተውሉት። የምንደግፈው መሪ ቃሉን ሲያጥፍ «ሁኔታው አስገድዶት ነው» እንላለን። የማንደግፈው ሲያጥፍ «ድሮም ውሸታም ነው» እንላለን። የእኛ ሰው ሲሰርቅ ማስረጃ እንጠይቃለን። የእነሱ ሲሰርቅ ወሬው ይበቃናል። ይህ ልክ እኔ ያን ቀን የጮኽኩት ጩኸት ነው። ልዩነቱ፣ እኔ ስሳሳት የተጎዳ ሰው አልነበረም። በፖለቲካ ግን አላየሁም የምንለው ጥፋት የሰው እንጀራ ነው፤ አንዳንዴም የሰው ሕይወት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በጥንቷ ቁስጥንጥንያ የሠረገላ እሽቅድምድም ደጋፊዎች ሰማያዊና አረንጓዴ ተብለው ተከፍለው ነበር። ቀለሙ ከሜዳ ወጥቶ ከተማ ገባ። ሰው የሚጎራበተውም የሚደባደበውም በቀለሙ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ዩስቲንያኖስ ራሱ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነበር። በ532 ሁለቱ ወገኖች አንድ ሆነው በቤተ መንግሥቱ ላይ ተነሡ፤ ከተማዋም ነደደች። በመጨረሻ ወታደሮች እዚያው የሠረገላ ሜዳ ውስጥ ገቡባቸው። በዘመኑ የነበረው ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ የሞቱትን 30,000 ያህል ያደርሳቸዋል። ይህን ታሪክ ሳነብ የሚሰማኝ ኀዘን ነው። እነዚያ ሰዎችም እንደኔ ውድድር ሊያዩ የወጡ ሰዎች ነበሩ።

አሁን አንድ የምሠራባትን ነገር ልንገራችሁ። ማሊያ መቀያየር እላታለሁ። ስለምደግፈው ሰው መጥፎ ዜና ስሰማ ስሙን አወጣና የተቃራኒውን ስም እዚያው ቦታ አስገባለሁ። ከዚያ ዜናውን እንደገና አነበዋለሁ። ፍርዴ ከተለወጠ፣ ስመለከት የነበረው ማሊያውን ነው ማለት ነው። ቀላል ትመስላለች። ሞክሯት፤ ታማለች። እኔ ስጀምራት ለአንድ ወር ያህል የምከተላቸውን ሰዎች መከላከል አቅቶኝ ነበር።

ስለ ዳኛም አንድ ነገር ልበል። ስንሸነፍ «ዳኛው ተገዝቷል» እንላለን። አሸንፎ ዳኛውን የሚጠረጥር ደጋፊ ግን አይቼ አላውቅም። በፖለቲካም ፍርድ ቤቱን፣ የምርጫ አስፈጻሚውን፣ ጋዜጠኛውን የምናምነው ሲፈርድልን ብቻ ነው። በ2020 ወረርሽኙ ስታዲየሞችን ባዶ ሲያደርግ ተመራማሪዎች ጥሩ አጋጣሚ አገኙ። ያለ ተመልካች በተደረጉት የአውሮፓ ሊግ ጨዋታዎች፣ ዳኞች ለእንግዳው ቡድን የሚሰጡት ካርድ እንደቀነሰ አዩ። እነዚያ ዳኞች ጉቦ አልበሉም። ጩኸቱ ነው ሳያውቁት እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰድድ የኖረው። ስለዚህ በየቀኑ ፍርድ ቤት ላይ፣ መርማሪ ላይ፣ ሐኪም ላይ የምንጮኽ ሰዎች ጩኸታችን ባዶ ነው ብለን ራሳችንን አናታልል። ይሰማል። ፍርድም ያጣምማል።

«ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀሉ» የሚለውን አባባል ግን አልወደውም። ማን ላይ እንደሚነገር እዩት። ባለሥልጣን ከዋንጫ ጋር ፎቶ ሲነሣ ማንም አይናገረውም። አንድ ተጫዋች ስለ ግፍ አፉን ሲከፍት ግን «አንተ ኳስህን ተጫወት» ይባላል።

በ1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ጥቁር አሜሪካውያኑ ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ በጥቁሮች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ለመቃወም ሽልማት መድረክ ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። ይህን ፎቶ የማያውቅ የለም። እኔ ግን ሁልጊዜ የማየው ሦስተኛውን ሰው ነው። የብር ሜዳሊያ ያገኘው አውስትራሊያዊ ነጭ ሯጭ ፒተር ኖርማን ነው። እጁን አላነሣም። ደረቱን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ሁለቱ አሜሪካውያን ያደረጉትን የሰብዓዊ መብት ባጅ እሱም አድርጓል። የእሱ ትግል አልነበረም፤ በዚያ ግፍ የተነካው ወገኑ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በኦሎምፒክ አልሮጠም። በ2006 ሲሞት ስሚዝና ካርሎስ ሬሳ ሣጥኑን ተሸክመው ቀበሩት። የአውስትራሊያ ፓርላማ ይቅርታ የጠየቀው በ2012 ነው፤ እሱ ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ። የኖርማንን ያህል የማከብረው የብር ባለቤት የለም።

ታዲያ «የእኛ ወገን» የሚባለው የቱ ድረስ ነው? ይህን ጥያቄ እንግሊዝ አገር የሚገኘው የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ባሳተሙት ጥናት በሚገርም መንገድ ፈትነውታል። የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎችን ጠርተው መጀመሪያ ስለሚወዱት ቡድን አስጻፏቸው። ከዚያ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ መንገድ ላይ አንድ ሰው ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ያቃስታል። ሰውየው የዩናይትድ ማሊያ ሲለብስ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቆመው ረዱት። የሊቨርፑል ማሊያ ሲለብስ ግን አብዛኞቹ አለፉት። በሁለተኛው ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ቀየሩ። ስለ ቡድናቸው ሳይሆን የእግር ኳስ ደጋፊ መሆን ምን ያህል ደስ እንደሚል አስጻፏቸው። ያን ጊዜ የሊቨርፑሉን ልጅም አብዛኞቹ ረዱት። ተራ ሸሚዝ የለበሰውን ግን አሁንም ጥለውት ሄዱ።

ይህ ጥናት ተስፋም ይሰጠኛል፣ ያስጨንቀኛልም። ተስፋው፣ አጥሩ መስፋት ይችላል፤ ያውም በጥቂት ደቂቃ ጽሑፍ። ጭንቀቱ ደግሞ አጥሩ በሰፋ ቁጥር ውጪ የሚቀር አንድ ሰው አለ። ተራ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ።

አጥር ሲሰፋ ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የ1992ቱን የባርሴሎና 10,000 ሜትር ተመልከቱ። ደራርቱ ቱሉና ኤላና ሜየር ሌሎቹን ጥለው ሁለት ብቻ ቀሩ። ሜየር ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ናት። አገሯ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 ወዲህ ኦሎምፒክ አይታ አታውቅም። አፓርታይድ ገና ሙሉ በሙሉ አልተቀበረም፤ ሁሉም ዜጋ የመረጠበት የመጀመሪያ ምርጫ የተደረገው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ደራርቱ መጨረሻ ላይ አፈተለከችና አሸነፈች። በኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያ ምን አደረገች? ቆማ ጠበቀቻት። ተቃቀፉ። እጅ ለእጅ ተያይዘው የክብር ዙሩን አብረው ሮጡ። ይህን ማንም ስብሰባ አልወሰነውም። ማንም መሪ አላዘዘውም። ሁለት የደከሙ ሴቶች ናቸው ያደረጉት። ዛሬም ሳየው ዕንባዬ ይመጣል።

ሌላም ልጨምር። በ1989 በሼፊልድ ሂልስቦሮ ስታዲየም የሊቨርፑል ደጋፊዎች በመጨናነቅ አለቁ። የሟቾቹ ቁጥር ዛሬ 97 ነው። ጥፋቱ ለዓመታት በደጋፊዎቹ ላይ ተላከከ። «ሰክረው ነው፣ ዱርዬዎች ናቸው» ተባሉ። ቤተሰቦቻቸው እውነቱን ሲያሳድዱ ኖሩ። ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ፣ ደጋፊዎቹም ጥፋት እንደሌለባቸው የሸንጎው ፍርድ የመጣው በ2016 ነው። ሃያ ሰባት ዓመት! እኔን ከዚህ ሁሉ የሚነካኝ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ነው። የኤቨርተን ደጋፊዎች፣ የሊቨርፑል የዘመናት ባላንጣዎች ማለት ነው፣ ስካርፋቸውን ከሊቨርፑል ስካርፍ ጋር እየቋጠሩ ከአንዱ ክለብ ስታዲየም እስከ ሌላው፣ በመሀል ያለውን መናፈሻ አቋርጠው ዘረጉት። ሰማያዊና ቀይ። ያ የቁስጥንጥንያ ቀለም ሰው አስጨረሰ። ይኸኛው ቀለም ሐዘን ተቀመጠ። ደጋፊነት ሁለቱንም ያውቃል።

ስለ ባህልም የምለው አለኝ። ጥቁር ተጫዋች ኳስ ሲነካ የዝንጀሮ ድምፅ የሚያሰሙ ሰዎች «የስታዲየም ባህል ነው፣ ለጨዋታ ነው» ይላሉ። እኔ ባህል ነው የሚለውን ቃል ለዚህ አላውሰውም። ቤትህ ውስጥ እንግዳህን የማትሰድበውን ስድብ ትኬት ስለገዛህ አትሰድበውም። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

የሴቶች ኳስ ጉዳይ ግን ሰፋ አድርጎ ማየት ይፈልጋል። «የሴቶችን ጨዋታ ማን ያየዋል?» የሚሉ ወንድሞቼን አውቃለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። ታሪኩን ሳነብ አፈርኩ። በ1920 የገና ማግስት ዲክ ኬር የተባለ የፋብሪካ ሴቶች ቡድን ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ በኤቨርተን ሜዳ ሲጫወት 53,000 ያህል ሰው ገብቶ አይቷል። ውጪ የቀረውም ብዙ ነው። ገቢው ለእርዳታ ነበር። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ በታኅሣሥ 1921 የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ አባል ክለቦቹ ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ከለከለ። እገዳው ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። እንግዲህ አስቡት። ሃምሳ ዓመት በሩን ቆልፈህ፣ ሲከፈት «ተመልካች የላቸውም» ትላለህ? በ2022 የአውሮፓ ሴቶች ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሊ ላይ 87,192 ሰው ተገኝቷል። ተመልካቹ ድሮም ነበር። ሜዳው ነው የተነፈገው። አሁን «ማን ይፈልገዋል?» የሚል ነገር በሰማሁ ቁጥር፣ ስለ መጽሐፍም ይሁን ስለ ሙዚቃ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው በሩ ክፍት ነበር ወይ ብዬ ነው።

ስለ ውርርድ አጭር ቃል። የገዛ ቡድናቸውን ጎል በገንዘብ ምክንያት የሚጠሉ ወጣቶች አይቻለሁ። ያሳዝነኛል። ጨዋታውን ከነነፍሱ ነው የሚወስድባቸው።

አሁን ወደ ቤት ልግባ። የመጣሁትም ለዚህኛው ነው ማለት እችላለሁ።

ቀደም ሲል ባልኩት በላንካስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሌላ ጥናት አለ። የላንክሻየርን ፖሊስ መዝገብ ነው ያየው። በ2002፣ በ2006 እና በ2010 የዓለም ዋንጫዎች የእንግሊዝ ቡድን ሲሸነፍ፣ በዚያ ቀን ለፖሊስ የሚደርሰው የቤት ውስጥ ጥቃት አቤቱታ በ38 በመቶ ይጨምራል። ሲያሸንፍ ወይም አቻ ሲወጣስ? ያኔም በ26 በመቶ ይጨምራል። ቁጥሩን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ሜዳ ላይ ያልነበረች ሴት፣ ፔናሊቲ ያልሳተች ሴት፣ ዘጠና ደቂቃው ሲያልቅ በሩ እስኪከፈት እየፈራች ትጠብቃለች። ጥፋተኛው ኳስ ነው አልልም። የሚመታው ሰው ነው። ኳሱ ግን ምክንያት እየሆነለት ነው። እኛ ደጋፊዎች ስለ ኦፍሳይድ ሰዓታት እናወራለን፤ ስለዚህ ግን አናወራም።

እኔ በሰው ላይ እጄን አንሥቼ አላውቅም። ለብዙ ዓመት ይህ ይበቃኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማታ ግን ከመኝታ ቤት ስወጣ ልጄ ሳሎን ውስጥ እናቷን በሹክሹክታ ስትጠይቅ ሰማሁ።

«እማዬ፣ የአባዬ ቡድን ስንት ለስንት ወጣ?»

«ተሸንፈዋል» አለቻት።

«እሺ። በቃ ነገ እጠይቀዋለሁ» ብላ የሒሳብ ደብተሯን ዘጋች።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ኳስ አትወድም። ውጤት የምትከታተለው ለካ የአባቷን ፊት ለማወቅ ነው፤ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሰማይ እንደሚያይ ማለት ነው። እኔ አልጮኽኩባትም፣ አልመታኋትም። ስሸነፍ ግን ዝም እላለሁ። እራት ላይ አንገቴን እደፋለሁ። ስጠየቅ በአንድ ቃል እመልሳለሁ። ይህን ሁሉ ማንም አያየውም ብዬ አስብ ነበር። ሳጥን ውስጥ የተጣለውን አጥቂ እንዳላየሁት፣ ይህንንም አላየሁትም ነበር። ማሊያዬን ቤት ውስጥም አላወለቅሁትም።

ያን ማታ ብዙ አልተናገርኩም። ደብተሩን አምጪው አልኳት። «አልደከመህም?» አለችኝ። አልደከመኝም አልኳት። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ ውጤቱን ከፊቴ ልታነብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አደርጋለሁ። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ተሸነፍንም አሸነፍንም፣ ወደ ቤተሰቤ ከመመለሴ በፊት ወጥቼ ጥቂት እሄዳለሁ። የሚናደደውን ልቤን መንገድ ላይ አወራዋለሁ። አንዳንዴ ለዚያ ለተቀናቃኝ ጓደኛዬ ደውዬ «እንኳን ደስ አለህ» እለዋለሁ። መጀመሪያ ሲሰማው የማሾፍ መስሎት ነበር። አሁን እሱም ይደውላል። ስለዚያ ፔናሊቲም ነገርኩት። «ልክ ነበርክ፣ መትቶታል» አልኩት። ስልኩ ውስጥ ዝም አለና «እኔ እኮ ዝም ያልኩህ የእኛ ቢሆን እኔም እንደምጮኽ ስለማውቅ ነው» አለኝ።

ያለፈው ቅዳሜ ሦስት ለባዶ ተሸነፍን። ያውም በደካማ ቡድን። ወጥቼ ከወትሮው ረዘም አድርጌ ሄድኩ። ስመለስ ልጄ ሳሎን ነበረች። ስንት ለስንት እንደወጣን እናቷንም እኔንም አልጠየቀችም። ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና «አባዬ፣ ይቺ ክፍልፋይ አልገባችኝም» አለችኝ። አብረን ሠራናት።

አመሰግናለሁ።